እግር የማይረግጠው ቦታ

ያን ሐሙስ አምኃ መዓዛን የጠበቃት ሰዓቱን እያየ ነበር። ፍቅረኛ ሰዓቱን ቢያይ የሚደንቅ ነገር የለውም፤ ሲናፍቅ ያያል። አምኃ ግን የሚያየው ሊይዝባት ነው። ቀጠሯቸው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር፤ አሁን አሥራ አንድ ከሃያ ሆኗል። ባለፈው ሐሙስ አሥራ አንድ ከሩብ መጥታለች። ከዚያ በፊት በነበረው ደግሞ አሥራ አንድ ተኩል፣ ያውም ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ። አስፋልት ላይ ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ጭቃውን ከየት ያመጣዋል? ይህን ጥያቄ ስንት ሳምንት በሆዱ ይዞት ዞሯል።

የቆመው ከፖንቴ ማሞሎ ሜትሮ ወረድ ብሎ በወንዙ ላይ ባለችው የእግረኛ ድልድይ ነው። ከድልድዩ ወዲያ ሪሴርቫው ይጀምራል፤ ሸምበቆ፣ ረጃጅም ዛፎች፣ ነጫጭ ወፎች ያሉበት፣ እንዳይነካ የተከለለ መሬት። ሰው ግን ያረጀ ፍራሹን፣ የተበላሸ ፍሪጁን፣ ያፈረሰውን መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ሳይቀር ጭኖ የሚመጣው እዚያ ነው። አምኃ የሚሠራበት ማኅበር የሪሴርቫውን ጽዳትና ጥበቃ ይዟል። ሠላሳ ዓመቱ ነው። ስለ ዛፍና ስለ ወፍ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተምሮ፣ ቀኑን የሚያሳልፈው የሰው ኮተት ሲለቅም ነው። እናቱ ወይዘሮ ሣባ ልጃቸው ምን እንደሚሠራ ሲጠየቁ «አካባቢ ጥበቃ» ይሉና ወሬ ይቀይራሉ።

በጃኬቱ የውስጥ ኪስ አንድ ፖስታ አለ፤ በፖስታው ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ። ነገ ዓርብ ጠዋት ፎቶውን ከነሪፖርቱ ለአለቃው፣ ለካፖው፣ ማስረከብ አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካለፈው ጥር ጀምሮ በየሐሙሱ፣ ከመንገዱ ራቅ ብላ በቆመች አሮጌ አኻያ ሥር አንድ ሰው ከረጢት እያሰረ ይጥላል። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሶች፣ ጥጥ፣ ቢጫ ፈሳሽ የነካው ፋሻ። ከፍራሹና ከፍሪጁ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ፋሻ ስላለበት ግን የሕክምና ቆሻሻ ተባለና ነገሩ ከበደ፤ የጣለው ሰው ስም ለማዘጋጃ ቤት ፖሊስ ይቅረብ ተባለ። ካፖው ጥርጣሬውን አልደበቀም። «እነዚያ ባራካ ውስጥ ያሉት ናቸው» አለ፤ ከሜትሮው አጠገብ በጣውላና በቆርቆሮ ቤት የቀለሱትን ስደተኞች ማለቱ ነው። አምኃ ደሙ ፈላ። «ሳናይ አናውራ» አለና የአውሬ ፎቶ የምታነሳዋን ትንሽ ካሜራ ወስዶ ከአኻያዋ ፊት ለፊት አሰረ። በገዛ እጁ ነው ያሰረው።

ካሜራዋ ያነሳችው ቀበሮ አልነበረም። ነጠላ የተከናነበች፣ ጀርባዋን የሰጠች ሴት ናት። ፊቷ አይታይም። ከነጠላው ሥር ያለው አረንጓዴ ጃኬት ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያን ጃኬት ለገና የገዛላት አምኃ ራሱ ነው።

ፎቶው ብቻ ቢሆን «አረንጓዴ ጃኬት ያላት ሴት ሮም ውስጥ እሷ ብቻ ናት እንዴ?» ብሎ ራሱን ያታልል ነበር። ግን ካፖው ከጠርሙሶቹ አንዱን አንስቶ አሳየው። ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ በፕላስተሩ ላይ ተጽፎበታል።

«ይሄ የናንተ ፊደል አይደለም? አንብበው እስቲ።»

«ለመታጠቢያ» ይላል። አምኃ የእጅ ጽሑፉን ያወቀው ቃሉን ከማንበቡ በፊት ነው። በአራት ዓመቱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሮም ያደገ ልጅ አማርኛውን እንዳይረሳ ብላ፣ መዓዛ በየሐሙሱ ደብዳቤ ትሰጠዋለች። እነዚያን ደብዳቤዎች በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ ከርሞ የእያንዳንዷን ፊደል አጣጣል ለይቷል።

«ውሃ አጥፍቶታል፤ አይነበብም» አለ ለካፖው። ስለ እሷ ሲዋሽ ያ የመጀመሪያው ነበር። ያንገበገበው ግን ጠርሙሱ አይደለም። ከጠርሙሱ ሥር የተገኘው ግራጫ ካልሲ ነው። የወንድ ካልሲ፣ ያውም የግዙፍ ወንድ።

* * *

መዓዛ እየሮጠች መጣች። አረንጓዴውን ጃኬት ለብሳለች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከቦሎኛ ጣቢያ አለፍ ብሎ አንዲት የዘጠና ዓመት ሲኞራ ቤት እየኖረች ትጦራታለች። ዕረፍቷ ሐሙስ ከሰዓት እና እሑድ ነው። የአምኃ አባት እዚሁ ሮም ካለው የምግብና እርሻ ድርጅት በጡረታ የወጡ ባለሙያ ናቸው። እሷም እሱም ይህን ልዩነት በአፋቸው አይጠሩትም። ግን ከተዋደዱ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናቸው አንድም ቀን ቤቱ ወስዷት አያውቅም፤ መዓዛም ይህን አትረሳም።

«ቆየሁብህ አይደል? ይቅርታ» ብላ ጉንጩን ሳመችው።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ስቾፔሮ ነበር። ሾፌሮቹ አድማ መትተው አውቶቡስ የለም።»

አምኃ የመጣው በአውቶቡስ ነው። ጫማዋን አየ። እሷም ሲያየው አየችው፤ እግሯን ሰብሰብ አደረገች።

«ስቾፔሮው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ምንም። ጠየቅኩ።»

«አንተ ሰሞኑን አትጠይቅም፤ ትመረምራለህ» አለች። «ፔርሜሶዬ መቼ እንደሚታደስ ባለፈው ሳምንት ሁለቴ ጠየቅከኝ። ማን እንድትጠይቀኝ አዞህ ነው? እናትህ ናቸው?»

ፔርሜሶዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ የጠየቃት ፈርቶላት ነበር፤ ወረቀቷ እድሳት ላይ እያለ ስሟ ፖሊስ ዘንድ ቢገባ ምን እንደሚከተል ስለሚያውቅ። እንዲህ ብሎ ሊነግራት ግን ፎቶውን ማውጣት ሊኖርበት ነው።

«እናቴን ምን አመጣት? እናቴ ስላንቺ የምታውቀው ነገር የለም።»

ምን እንዳለ የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

«አውቃለሁ» አለች መዓዛ ቀስ ብላ። «እሱን ነው የምልህ።»

እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። የእሷም ዓይን እጁን ተከተለ። ፖስታውን ነካውና እጁን መለሰው።

«ሌላ ሰው አለ፣ መዓዛ?»

ከቦርሳዋ የሳምንቱን ደብዳቤ አውጥታ እጁ ላይ አኖረች። «አንብበው። አሎራ፣ እኔ ልሂድ፤ ሲኞራዬ ትጠብቀኛለች።» ከመጣች አሥር ደቂቃ አልሞላትም። አምኃ ድልድዩ ላይ ብቻውን ቀረ፤ ወንዙም፣ ሸምበቆውም፣ ሥራውም በአንድ ጊዜ አስጠሉት።

* * *

ደብዳቤውን የከፈተው ሜትሮው ጣቢያ ቆሞ ነው።

«አምኃዬ፤ ካንተ የደበቅኩት አንድ ነገር አለ። ልንገርህ ብዬ ስንቴ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ምስጢሩ የራሴ ቢሆን እስካሁን ባላስቻለኝ። ግን የማከብረው ሰው በመስቀል አስምሎኛል። እስኪፈታኝ ድረስ እመነኝ። እመነኝ ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እኔም አንዳንዴ አንተን ማመን ያቅተኛል። መዓዛ።»

ሌላ ሰው ቢያነበው አንጀቱ ይበላ ነበር። አምኃ ግን ከደብዳቤው ሁሉ ያየው አንድ ቃል ነው፦ የማከብረው ሰው። ቀና ሲል መዓዛን በዚያው መስመር ወዲያኛው ጫፍ ላይ አያት። አላየችውም። ባቡሩ ሲመጣ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላዋ ባለው ፉርጎ ገቡ።

ለሲኞራዋ ቤት የምትወርደው ቦሎኛ ነው፤ አሁን ግን ቲቡርቲና ላይ ወረደች። አምኃም ወረደ። እንዲህ ያለ ሰው እሆናለሁ ብሎ አስቦ አያውቅም፤ ግን እግሩ አልታዘዘውም። ከጣቢያው ውጪ ካሉት መደብሮች ከአንዱ ፊት ቆማ የሆነ ነገር ስትመርጥ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጥግ አያት። ያነሳችው ግራጫ ካልሲ ነው። የወንድ። በእጇ ወጠር አድርጋ ስፋቱን ለካች፤ ጠበባትና ከዚያ የሚተልቀውን ወሰደች። በዚያች ሰዓት አምኃ የቀናውን ያህል ሰው በካልሲ ቀንቶ አያውቅም።

አንድ አሮጌ ሕንፃ ገባች። እሱም ደረጃውን በዝግታ ወጣ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዱ በር ገርበብ ብሏል፤ የመዓዛ ድምፅ ይሰማል።

«እግርዎን ከፍ ያድርጉልኝ… ቀስ… እንደሱ።»

በአንቱታ! እንግዲያው ሽማግሌ ነው፤ አንዱ ገንዘብ ያለው ሽማግሌ። አምኃ በጥርጣሬው ይህን ሁሉ ለመገንባት የፈጀበት አንድ ትንፋሽ ነው። ቀጥሎ ሌላው ድምፅ መጣ።

«አንቺ ልጅ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል አልኩሽ እኮ! መቼ ነው የምትሰሚኝ?»

አምኃ አወቀው። ይህ የሞግዚቱ ድምፅ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፉ ቀስቅሶታል። ፀጉሩን አበጥሮለታል፣ ሀ ሁ አስቆጥሮታል፣ በትኩሳት ሲቃጠል አጠገቡ ተቀምጦ አንግቷል። ከሦስት ዓመት በፊት ቶሪኖ ሲማር እናቱ ደውለው «ካሳነሽ አገሯ ገባች፤ ቤቷን ሠርታ ተቀምጣለች» ብለውታል። ስልኳን በጠየቀ ቁጥር ወይ መስመር የለም፣ ወይ ቁጥሯ ተቀይሯል ይሉታል። እሱም አምኗቸዋል።

በሩን ገፋው።

ካሳነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች፤ ሹሩባዋ ነጭ ሆኗል። የግራ እግሯ ግን ከሌላ ሰው የተዋሰችው ይመስል አብጧል፤ ከጣቶቹ ሁለቱ የሉም። መዓዛ ሳፋው ፊት ተንበርክካለች። በመስኮቱ ደፍ ላይ ነጭ ፕላስተር የተለጠፈባቸው ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ለመጠጥ። ለመታጠቢያ።

ካሳነሽ መጀመሪያ ያየችው ፊቱን አይደለም።

«ጫማህ!» አለች። «በጭቃ ጫማ ነው እንዴ ቤት የሚገባው?»

ከዚያ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

አምኃ የጫማውን ክር ለመፍታት ጎንበስ አለ። አንዱን እንደምንም አውልቆ ሌላውን ሳያወልቅ ተንበርክኮ ጉልበቷ ላይ ተደፋ፤ በሠላሳ ዓመቱ፣ ፍቅረኛው ፊት፣ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

«አገርሽ ገብተሻል አሉኝ፣ ካሱ» አለ። እናትን እንደሚሉት አንቺ ነው የሚላት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ።

«አገሬ ማን አለኝ? ሐኪሜ እዚህ ነው። ስኳሩ እግሬን በላው፤ ቆሜ መሥራት ሲያቅተኝ እትዬ ሣባ ትኬት ቆረጡልኝ። ትኬቱን ተቀብዬ ወጣሁና እዚሁ ቀረሁ።» ራሱን ዳሰሰችው። «ጠጉርህ ሳሳ።»

«ለምን አልጠራሽኝም?»

«ከእናትህ ልትጣላልኝ? አሳድጌህ አሳድጌህ፣ መጨረሻዬ እናትና ልጅ ማጣላት ይሁን? ይቺ የእህቴ ልጅ ፎቶህን ያሳየችኝ ቀን ነው ያስማልኳት። አትቀየማት።»

መዓዛ ፎጣውን እንደያዘች ቆማለች። የምታየው እሱን አይደለም፤ ክፍቱን በር ነው። ተከትሏት እንደመጣ ገብቷታል።

«ጠበሉ ከአገር ይመጣልኛል» አለች ካሳነሽ፤ ልቅሶው እንዲበርድ ወሬ ማምጣቷ ነው። «የታጠብኩበትን እንግዲህ ሽንት ቤት አልደፋ! ጠበል የነካው ነገር ከቆሻሻ ጋር አይጣልም። ፋሻውንም ጠርሙሱንም እግር የማይረግጠው ቦታ አድርሺልኝ እያልኩ፣ ዕረፍቷን ሁሉ እኔ በላሁባት።» ቀና ብላ አየችው። «አንተ እዚያ ወንዙ ጋ ነው አሉ የምትሠራው። ቦታውን ታውቀው ይሆናል። እውነት እግር አይረግጠውም?»

አምኃ ዓርብ ዓርቡን አስታወሰ። አፍንጫውን ሸፍኖ፣ በዚያው ጫማ ጭቃውን እየደፈጠጠ፣ ፋሻውን በመቆንጠጫ አንስቶ ጥቁር ከረጢት ውስጥ ሲወረውር። አንድ ቀን «የማን ቆሻሻ ሰው ነው!» ብሎ ተሳድቧል።

«አይረግጠውም» አለ። «እኔ ነኝ የምጠብቀው።»

ካሳነሽ ፊቷ በራ። መዓዛ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ፋሻው ግን…» አለ አምኃ፣ «ወፎቹ ለጎጆ ይወስዱታል። ክሩ የጫጩት እግር ላይ ይተበተባል። አንዷን በቀደም በመቀስ ፈታኋት፤ እግሯ ሊቆረጥ ነበር።»

«ውይ! እግሯ?» ካሳነሽ የራሷን እግር አየች። ለረጅም ጊዜ አየችው። «እንግዲያው ውሃውን ብቻ ለዛፉ ስጡልኝ። ፋሻውን ነርሷ ትቀበለኝ። ፕላስቲኩም ቢሆን ጠበሉን ተሸክሞ አድርሷል፤ ሥራውን ጨርሷል።»

* * *

መዓዛ ደረጃው ድረስ ሸኘችው። እዚያ ነው ፎቶውን ያወጣላት። መብራቱ ሥር ይዛ አየችው።

«ጃኬቴ ያምራል» አለች።

«መዓዛ…»

«እዚህ ማንም አይመጣም ብለህ ያቺን ዛፍ ያሳየኸኝ አንተ ነህ። መስከረም ላይ። ሌላ የማውቀው ቦታ ስላልነበረኝ ነው።» ፎቶውን መለሰችለት። «ልታስረክበኝ ነበር?»

«አላውቅም። እውነቱን ነው የምነግርሽ። ወንድ አለ ብዬ ነበር። ካልሲው…»

«እግሯ የሴት ካልሲ አይገባለትም።»

«አሁን አየሁ።»

«ነገ ምን ትላቸዋለህ?»

«የማን እንደሆነ እነግራቸዋለሁ።»

ፊቷ አመድ መሰለ። አምኃ እጇን ሊይዝ ሲል ወደኋላ ሸሸች።

«ስምሽን አይደለም። እስከ ሐሙስ እመኚኝ።»

«እኔ እመነኝ ብዬ ጻፍኩልህ» አለች መዓዛ። «አንተ ተከትለኸኝ መጣህ።»

በሩን ዘጋችው። አምኃ መብራቱ እስኪጠፋበት ድረስ ደረጃው ላይ ቆሞ ቀረ።

ያ ሳምንት ለመዓዛ ዓመት ሆነባት። የሲኞራዋ ቤት ደወል በጮኸ ቁጥር ከመክፈቷ በፊት በመስኮት ታያለች። ማክሰኞ ዕለት የደረሰውን የመብራት ደብዳቤ የፖሊስ መስሏት ሳትከፍተው ወንበር ፈልጋ ተቀምጣለች። አምኃ ሁለቴ ደወለ፤ አላነሳችም። እየወደደችው ነው የፈራችው። ሰው የሚወደውን ሲፈራ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም፤ እሷም አልተኛችም።

ሐሙስ ግን ሄደች። የካሳነሽ ውሃ አለና መሄዷ አይቀርም። ከረጢት የለም፤ አንድ ጠርሙስ ውሃ ብቻ ይዛለች። ድልድዩን ተሻግራ ወደ አኻያዋ በምትወስደው ቀጭን መንገድ ስትታጠፍ መጀመሪያ ያየችው ጫማ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ፣ ተጠርገው፣ ከሣሩ ዳር ቆመዋል። አምኃ ከጫማው ወዲያ በካልሲ ጭቃው ውስጥ ቆሟል።

አንድ ወረቀት ዘረጋላት። ለማዘጋጃ ቤት ፖሊስ የገባው ቅጽ ቅጂ ነው። መዓዛ ጣሊያንኛውን ከላይ እስከ ታች ሁለቴ አነበበችው። በጣለው ሰው ስም ቦታ ላይ የአምኃ ስም አለ። ቆሻሻው በወጣበት ቤት አድራሻ ቦታ ላይ ደግሞ የማታውቀው ሰፈር፣ የማታውቀው መንገድ።

«ይሄ የማን ቤት ነው?»

«የእናቴ። የካሱ እግር የቆሰለው እዚያ ቤት ቆማ ስትሠራ ነው። ቅጣቱም እዚያ ይምጣ።»

«ሥራህስ?»

«ፎቶውን አላስረከብኩም፤ ኮንትራቴን ላያድሱልኝ ይችላሉ። ቫ ቤኔ፣ ምንም አይደለም።»

«ፖስታው እናትህ እጅ ሲገባስ?»

«ከፖስታው በፊት እሑድ እንሂድ» አለ አምኃ። «አንቺም፣ ካሱም፣ እኔም። ሳልነግራት ስለቆየሁት ነገር ሁሉ አንድ ጊዜ ልንገራት።»

መዓዛ ወረቀቱን አጠፈችው። ዓመት ከመንፈቅ የጠበቀችው ቃል ነው፤ ሲመጣ ግን አፏ ላይ የመጣው ትንሹ ነገር ነው።

«ሦስት ፎቅ እንዴት አድርጋ ትወርዳለች?»

«እሸከማታለሁ» አለ። «ስንት ዓመት ተሸክማኛለች።»

መዓዛ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና ከእሱ ጫማ አጠገብ አቆመችው። ከዛፏ ጥቂት ራቅ ብለው፣ ከዚያ ወዲያ ላይረግጡ፣ ጎን ለጎን ቆሙ። ጠርሙሱን ከደረቷ ላይ አንስታ ሰጠችው። ሁለት ወር ሙሉ ብቻዋን የተሸከመችውን ነገር ለሌላ ሰው ስታቀብል ያ የመጀመሪያዋ ነበር፤ እጇ ባዶ ሲሆን ጊዜ እንባዋ መጣ።